መግሪብ ላይ ያፈጠሩ ዓሦች

ሴት በሴት ትቀናለች፤ ያለ ነው። እኔ ግን በጠሽት ውኃ ቀንቼ አውቃለሁ። ግቢዬ ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተደርድረው በነበሩ አራት ትልልቅ የላስቲክ ሳፋዎች፣ እዚህ ጠሽት በምንላቸው፣ በውስጣቸውም ይርመሰመሱ በነበሩ ጣት በማያህሉ ዓሦች እርር ድብን እያልኩ ከርሜያለሁ። ልጄ ጠዋት ስትነሳ እኔን ደህና አደርሽ ከማለቷ በፊት እነሱ ላይ ጎንበስ ትል ነበራ! ቆጥራቸው፣ ውኃቸውን በጣቷ ቀምሳ፣ የሞተ እንደሌለ አይታ፣ ከዚያ ነው ወደኔ ወደ እናቷ ዞራ «ዩማ፣ ሻይ አለ?» የምትለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የካርቱም ጦርነት ሲነሳ የምንኖርባት ገዳሪፍ በአንዴ ጠበበች። ትምህርት ቤቱ ሰው፣ የሰሊጥ መጋዘኑ ሰው፣ የዘመድ በረንዳው ሁሉ ሰው ሆነ። ልጄም ካርቱም ዩኒቨርሲቲ የጀመረችውን ትምህርት ጥላ አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ መጣችልኝ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ በልቤ እልል እላለሁ። ለጦርነቱ አይደለም፣ እግዜር አይበለው፤ ልጄ ቤቷ ስለገባች ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያለነው እሷና እኔ ነን። ከገበያው ጫፍ ባለችው ሱቄ ጨውና በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ስሸጥ ውዬ ስመለስ በሩን ከውስጥ የሚከፍትልኝ ሰው አገኘሁ። ከዚያ በላይ ምን ፈልጌ!

አንድ ቀን ከዳቦ ወረፋ ስትመለስ ዓይኗ በርቷል። «ዩማ፣ ካርቱም ታስተምረኝ የነበረችው ኡስታዛ እዚህ ናት! ወላሂ እሷ ናት፣ ወረፋ ላይ አገኘኋት። ማደሪያ የላትም።»

«ታዲያ የጓሮው ክፍል ባዶ አይደል?» ያልኩት እኔው ነኝ። ልብ በሉልኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። እኔው በገዛ አፌ አስገባኋት።

ኡስታዛዋ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ረዘም፣ ቀጠን ያለች፣ ቶቧ ከራሷ ላይ መንሸራተት የማይታክተው፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት። አረብኛዋ የመጽሐፍ ነው፤ የእኔ የገበያ ነው። «ያ ኡኽቲ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። እዚህ ስንት ዘመን ኖረን «ያ ሐበሺያ» ከሚለን ሰው የማንድን ሰዎች እንዲህ ያለው አጠራር ደስ ይለናል። ከሰው ጋር መጣላት እንዴት ከባድ ነው፣ ሰው ጥሩ ሲሆን! ክፉ ብትሆንልኝ ኖሮ ቅናቴ እንዴት ባማረበት።

ሥራዋ ዓሣ ነው። መያዝ አይደለም፣ መሸጥም አይደለም፤ ማወቅ ነው። ስለ መንገደኛ ዓሦች፣ ስለ ስባቸው፣ ስለ ጨውና ስለ ጾም ስታጠና ኖራ ነው ጦርነቱ የደረሰባት። ከመጣች ብዙም ሳይቆይ ሸዋክ አጠገብ ካለው ግድብ የሚያጠምድ ሰው አፈላልጋ ጥቃቅን ቡልጢ፣ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ፣ በጀሪካን አስመጣች። ልጄ፣ ያቺ ገበያ ውስጥ በዓሣ ተራ ስናልፍ አፍንጫዋን ይዛ የምትሮጠው ልጄ፣ እጇን እስከ ክርኗ ነክራ እየዘፈነች ገለበጠቻቸው። እኔ ለአንድ ጊዜ ዓሣ ላጪልኝ ብያት «ያቅለሸልሸኛል» ብላኝ አታውቅም? አታውቅም ወይ!

አራቱ ጠሽቶች እንዲህ ነበሩ። ሁለቱ የመጠጥ ውኃ፣ ሁለቱ ጨው የገባበት ውኃ። ጨዉ ደግሞ ከእኔው ሱቅ ነው የሄደው። ከሁለቱ የመጠጥ ውኃዎች አንደኛው ውስጥ ያሉት ይበላሉ፣ አንደኛው ውስጥ ያሉት ይጾማሉ። ጨዋማዎቹም እንደዚያው። የሚጾሙት ባሉበት ጠሽት ጆሮ ላይ ልጄ ነጭ ጨርቅ አስራለች።

«ምን ለመሆን ነው ዓሣ የሚጾመው? ኃጢአቱ ምንድን ነው?» አልኳት አንድ ቀን። ልጄ መልስ ልትሰጠኝ አፏን ከፈተችና ወደ ኡስታዛዋ አየች። ፈቃድ መጠየቋ ነው። ይቺ ናት መጀመሪያ የወጋችኝ።

ኡስታዛዋ በርጩማዋን ወደኔ አስጠግታ ነገረችኝ። ባሕሩ ዳር ቡሪ የሚሉት ዓሣ አለ አለች። ጨዉ ለዘብ ባለበት፣ ጣፋጭ ውኃና የባሕር ውኃ በሚቀላቀልበት ቦታ እየበላ ይወፍራል። እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ሲደርስ መብላቱን ይተውና ወደ ትልቁ ባሕር ይወጣል። ስንቁ ሆዱ ውስጥ ያጠራቀመው ስብ ነው። ጨዋማው ባሕር ደግሞ ዝም ብሎ አያሳልፈውም፤ ከገላው ውኃ ይመጥበታል። ዓሣው ያንን ለመተካት ባሕሩን ይጠጣል፣ የጠጣውን ጨው መልሶ ለማውጣት ጉልበት ይፈልጋል፣ ጉልበቱም ከዚያው ከስቡ ይመጣል። «እኛ የምንጠይቀው እንግዲህ» አለች መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ «ስቡን የሚጨርሰው ጾሙ ነው ወይስ ጨዉ? ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡበትስ ምን ይሆናል? ቡልጢ መንገደኛ አይደለም። ግን ጨው ይችላል፤ ለልጅሽ እጅ መለማመጃ ይሆናል።»

እውነቴን ነው፣ ነገሩ ጣመኝ። ስንቁን ሆዱ ውስጥ ቋጥሮ የሚሰደድ ፍጥረት! እኛ ስንሰደድ ቋጥረን የወጣነው መቼ ድንበር አደረሰን። የጣመኝ መሆኑ ግን ጭራሽ አናደደኝ። እኔ አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከመተማ ቅመም ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ የማውቀው ወሬ ሁሉ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ የለውም። ልጄን ግን በወሬ ነው ያሳደግኳት። መብራት ሲጠፋ፣ ዝናብ መንገዱን ሲዘጋው፣ እኔ ነበርኩ የማወራላት። አሁን በእኔ ግቢ፣ በእኔ በርጩማ ላይ፣ መጀመሪያም መጨረሻም ያለው ወሬ የምታወራ ሴት ተቀምጣለች፤ ልጄ ደግሞ አፏን ከፍታ ትሰማለች። መነጽር አድርጋ የማታውቅ ልጅ በዚያ ሰሞን በባዶ አፍንጫዋ ላይ ጣቷን ወደ ላይ መግፋት ጀመረች። ኡስታዛዋ እንደምታደርገው! አላወቀችውም። እኔ ግን በገፋች ቁጥር ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ትገፋለች።

ከዚያ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ።

እኛ በቤታችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ጾማችንን የምንፈታው። ልጄ ሕፃን ሳለችም ሰዓቱን ትጠብቅ ነበር፤ ከሱቅ ሮጬ እመጣለሁ፣ ሽሮዬን አቀርባለሁ፣ አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። በዚያ ዓመት ግን ሽሮው ቀርቦ «ነይ እንጂ» ስላት «ዩማ፣ አንቺ ብዪ። ኡስታዛ ብቻዋን እንዳታፈጥር እጠብቃታለሁ» አለችኝ።

«አንቺ ክርስቲያን አይደለሽ? ሰዓትሽ ደርሷል እኮ።»

«ብቆይ ጾሜ ይጠብቃል እንጂ ምን ይሆናል? የምበላውም ቴምርና ፉል ነው። ሥጋዋን አልነካም፣ ኸላስ!»

ምን ይባላል? ቢያስቆጣም አያስኮንንም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ሁለቱ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከማሽላ የሚሠሩትን ቀዩን የረመዳን መጠጥ፣ ሑልሙሩን፣ ይቀዳዳሉ፤ ይስቃሉ። እኔ ጓዳ ውስጥ የጠገበ ሆዴን ይዤ እሰማለሁ። ሳቋን ልንገራችሁ? ከእኔ ጋር ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እዚያ አትሸፍንም።

እልህ ያዘኝ። በማግስቱ እኔም ዘጠኝ ሰዓት አልበላሁም። አስር ሆነ፣ አስራ አንድ ሆነ፣ ዓይኔ ተጉረጠረጠ። አዛን ሲል የራሴን ትሪ ይዤ ወጣሁና ከምንጣፉ ወዲያ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ኡስታዛዋ «ተፈደሊ ያ ኡኽቲ፣ ቅረቢ» አለችኝ። «እዚሁ ይመቸኛል» አልኩ። ከሽሮዬ ጋር ስታገል ልጄ በጎን አየችኝና «ዩማ፣ አንቺም ከመቼ ወዲህ?» አለችኝ።

«ብቆይ ጾሜ ይጠብቃል ብዬ።»

ጎረቤቴ ደግሞ አለች። ከትግራይ መጥታ ኡም ራኩባ ካምፕ ከከረመች በኋላ እኛ ሰፈር ተከራይታ የምትኖር፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት ናት። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሦስታችንን መግሪብ ላይ ከትሪያችን ጋር ስታየን «ዋይ፣ እንታይ ጉድ እዩ! ልጅሽ ሰለመች እንዴ?» አለችኝ።

«አልሰለመችም እቴ። ዓሣ ሆነች።»

«ዓሣስ ከሆነች ሁዳዴ ላይ እኔ እበላታለሁ» ብላ እየተንከተከተች ገባች። እሷ በጾም ዓሣ ትበላለች፤ እኛ ቤት አይበላም። በዚህ ስንጨቃጨቅ ስንት ዘመናችን ነው።

እንዲህ እያለን ሳለ ኡስታዛዋ ታመመች። በዚያ ሰሞን ከተማውን ይዞት የነበረው አጥንት ሰባሪ ትኩሳት እሷንም ጣላትና ሆስፒታል መተኛት ግድ ሆነ። ማን ያስታምም? ልጄ። እኔን ወባ ሲይዘኝ አንድ እንክብልና አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠገቤ አስቀምጣ «በይ ተኚ» የምትለዋ ልጄ፣ ልብሷንና ብርድ ልብስ ጠቅልላ አስታማሚ ሆና ልትገባ ተነሳች። ቀናሁ እንጂ አልጨከንኩም፤ ኡስታዛዋን ለሁለት ደግፈን ረክሻ፣ ባጃጅ ማለቴ ነው፣ ላይ ያወጣናት እኔና እሷ ነን፤ በየቀኑም አጥሚት እየሠራሁ በፔርሙዝ ልኬያለሁ።

ረክሻው ሞተሩን አስነስቶ ሲንተከተክ ልጄ አንገቷን አውጥታ ጮኸችልኝ። «ዩማ! ዓሦቹን አደራ! ነጭ ጨርቅ ያለባቸው ሳይሚን ናቸው፣ ጾመኞቹ! ምግብ እንዳትሰጪያቸው! ለሌሎቹ ጠዋት ጠዋት ኡምባዝ በትኚላቸው!» ኡምባዝ የምንለው ሰሊጥ ሲጨመቅ የሚቀረውን ፋጉሎ ነው፤ ለፍየሎቼ በጆንያ አለኝ።

«ጾመኞቹ እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ረክሻው ሄዷል። የመለሰልኝ ጭሱ ነው።

ቆሜ አሰብኩ። እስከ ዘጠኝ ይሆን? ኋላ ግን የማን ዓሦች ናቸው? የኡስታዛዋ ናቸው። ኡስታዛዋ የምትጾመው እስከ መግሪብ ነው። ልጄም አሁን እስከ መግሪብ ነው። ከእነዚያ የተለየ ሰዓት ለዓሣ ከየት ይመጣል? ማንኛውም የማውቀው ጾመኛ፣ የእኛም ይሁን የእነሱ፣ የሚፈታበት ሰዓት አለው። ጾም ማለት መቆየት ነው፤ ጭራሽ አለመብላት ነው ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

እና አዛን ሲል፣ እኔ ራሴ ውኃ ሳልቀምስ፣ ነጭ ጨርቅ ላለባቸው ኡምባዝ ደቁሼ በተንኩላቸው። ወይኔ አበላላቸው! ውኃው ፈላ። ጨው ውስጥ ያሉትማ ከእጄ ሊነጥቁኝ ምንም አልቀራቸው። አንጀቴን በሉት። ሲበሉ የዋሉትንና ሲጾሙ የዋሉትን እኩል ማብላት ደግሞ ደስ አላለኝም፤ ለጾመኞቹ ጨምሬ ሰጠኋቸው። በማግስቱም፣ በሠልስቱም። ልክ መግሪብ ሲደርስ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር፤ እኔም ትሪዬን አምጥቼ አጠገባቸው አፈጥር ጀመር። እውነት ለመናገር ጥሩ ጓደኞች ነበሩ። በእነሱ ላይ የነበረኝ ቅናት እንኳ ላላ።

ኡስታዛዋ ተሽሏት፣ ከስታ፣ ልጄን ተደግፋ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ በዛ። ፖርት ሱዳን፣ ባሕሩ ዳር፣ ከጦርነቱ በፊት የምታውቃቸው ሰዎች የመንገደኛውን ዓሣ ጥናት ሊቀጥሉ ነውና ነይ ብለዋታል። አንድ ረዳትም ይዘሽ ነይ ብለዋታል። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ።

«ግን ዩማ፣ ገና አልተቀበሉኝም። ሥራዋን ላኪልን፣ አይተን እንወስናለን ነው ያሉት። የኔ ሥራ እነዚህ ጠሽቶች ናቸው። እነዚህ ከተበላሹ እኔም ቀረሁ።»

እነዚህ ከተበላሹ ትቀራለች። ሰማኋት። ምንም አላሰብኩም፤ ዓሦቹ በእኔ እጅ አምሮባቸው ነበራ፣ ምን ይበላሻል!

የዓሦቹ ሆድ የሚከፈትበት ቀን ደርሶ ጠረጴዛው ከዛፉ ሥር ወጣ። ልጄ በምላጭ እየሰነጠቀች፣ ኡስታዛዋ በማጉያ መስታወት እያየች፣ እኔ ከኋላቸው አንገቴን አስግጌ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የበሉትን ከፈቱ፤ አንጀታቸው ዙሪያ ነጭ ስብ አለ፣ እንደ ጥጥ ፈትል። ቀጥለው ጨዋማው ውኃ ውስጥ የጾሙትን ከፈቱ። ልጄ ጮኸች።

«ያ ኡስታዛ! ስብ! ከበሉት በላይ ስብ አለው!» ሌላ ከፈተች፣ ያም እንደዚያው። ሌላ፣ ያም። ምላጩን ጥላ አቀፈቻት። እኔ እዚያው ቆሜ እሷን አቀፈቻት። ከዚያ ትዝ ስላት ወደኔ ዞረች። «ዩማ ይገባሻል? ጨው ውስጥ ሆኖ ጾሞ ስቡ አልቀነሰም ማለት ነው፣ እንዲያውም ጨመረ! እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቶ ያውቃል? ዛሬውኑ እልክላቸዋለሁ!»

ኡስታዛዋ አልተደሰተችም። ግንባሯን ቋጥራ መስታወቷን እየደጋገመች ትመለከታለች። «ይህ መሆን አይችልም» አለች ቀስ ብላ። «ያልገባ ነገር ከየት ይወጣል? ግን ዓይናችን ያየውን አይተናል… ላኪው፤ ምን ይላሉ እንስማ።»

በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ አናቴ ላይ የፈሰሰው። ከየት ይወጣል? ከፍየሎቼ ጆንያ ነዋ።

አሁን ስሙኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ልጄ ይህን ትልካለች፣ የባሕሩ ዳር ሰዎች ይስቁባታል፣ አንቀበልም ይሏታል፣ ጓዟን ትፈታለች፣ በሩን ከውስጥ ትከፍትልኛለች። እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ወደ ግቢው በር ሄድኩ፣ ፍየሎቹን እንደማይ ሰው ቆምኩ። ስመለስ ልጄ ስልኳን ይዛ የዓሣውን ሆድ ፎቶ እያነሳች ነው፤ ፊቷ እንደ ልደቷ ቀን ሆኗል። በሷ ሳቅ ላይ የሚስቁትን ሰዎች አሰብኳቸው። ፊታቸውን አላውቅም፤ ጠላኋቸው ግን።

«አትላኪው» አልኩ።

«ምነው?»

«ያፈጥሩ ነበር።»

ሁለቱም አዩኝ። «ማን?» አለች ልጄ።

«ጾመኞቹ። መግሪብ ሲል አበላቸው ነበር። አንቺው ሳይሚን ናቸው አላልሽኝም? እስከ ስንት ሰዓት ብዬ ጮህኩ፣ አልሰማሽኝም። ጾመው ስለዋሉ ደግሞ ከሌሎቹ ጨምሬ ነው የሰጠኋቸው።»

ከዚያ ልጄ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ አባቷን መሰለች። «ሆን ብለሽ ነው» አለችኝ። «ቀንተሽ ነው! መምጣቷ ሳይሆን እኔ ከሷ ጋር መሄዴ ነው ያቃጠለሽ። ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል!»

«መቅናቱንስ ቀንቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ወጣ፤ በአጥሩ ላይ የጎረቤቴ አንገት ብቅ ሲል እያየሁት ነው፣ ግን ምን ቸገረኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ሽሮዬን ጥለሽ ስትሄጂ ቀንቻለሁ። አፍሽን ሳትሸፍኚ ስትስቂ ቀንቻለሁ። አሁን ምላጩን ጥለሽ ስታቅፊያት ቀንቻለሁ። ዓሦቹን ግን በቅናት አላበላሁም። በቅናት ቢሆን ኖሮማ አስርቤ እገድላቸው ነበር እንጂ እንዴት አወፍራቸዋለሁ?»

ኡስታዛዋ ናት የጀመረችው። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ መነጽሯን አወለቀች፣ ቀጥሎ እስክታስላት ድረስ ሳቀች። «ያ ኡኽቲ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዓሣ ሳስጾም ኢፍጣር ያቀረበላቸው ሰው አላየሁም!» ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ «ሑልሙርስ አልቀዳሽላቸውም?» አለች። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ገባች።

የኡስታዛዋ ሳቅ ካለቀ በኋላ ሁለታችን የተሰነጠቁትን ዓሦች እየሰበሰብን ለጎረቤቴ ድመት አቀበልን። ያን ጊዜ ጠየቅኳት። «በዚህ ሁሉ ሀገር ልጅ ሞልቶ፣ የኔን ለምን?»

እጇን መታጠብ ጀመረች። «ካርቱም አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪዎች ነበሩኝ» አለች። «የት እንደገቡ አላውቅም። የአንዳንዶቹ ስልክ ስደውል ዝግ ነው፤ መደወል ፈራሁ። ከሁሉም የዳቦ ወረፋ ላይ አንዷን አገኘኋት። ምን ላድርግ ያ ኡኽቲ? ልቀቃት?»

ልቀቂያት ማለት ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እንደገና ጀምሩት እንጂ» አልኩ። «ጨው ከሱቅ አመጣለሁ።»

እንደገና ተጀመረ፤ ሁለቱም ጾም አልፎ፣ ሁለቱም በዓል ተበልቶ ካበቃ በኋላ። ልጄ ለጥቂት ቀን አኩርፋኝ ከረመችና ቀስ በቀስ ተወችው፤ ጠዋት ጠዋት ግን ኡምባዙን ከነጆንያው ቆልፋ ቁልፉን ይዛው ትሄዳለች። በዚህኛው ጊዜ ጾመኞቹ በእውነት ጾሙ። ለማየት ይከብዳል። መግሪብ ላይ ይወጡና አፋቸውን ይከፍታሉ ብዬ ፈርቼ በዚያ ሰዓት ጓዳ እገባ ነበር። እየዋለ እያደረ ጀርባቸው ሳሳ፣ ጭንቅላታቸው ከገላቸው በለጠ። ጨዋማው ውስጥ ያሉት ቀድመው ከሱ። ሲከፈቱ አንጀታቸው ዙሪያ ምንም የለም፤ ያ የጥጥ ፈትል ተጠርጎ ጠፍቷል። ኡስታዛዋ ስቡ ካለቀ ወዲያ ዓሣው ሥጋውን ነው የሚበላው አለችኝ። ልጄ ግን ጨዉ ነው ያፋጠነው ብላ ወዲያው አልጮኸችም። ሁለቴ አየች፣ ሦስቴ አየች፣ የሞቱትንም ቆጥራ አሰበች፣ «ይመስላል» ብቻ አለች። ኡስታዛዋ ይህቺን «ይመስላል» ስትሰማ ፊቷ ላይ የወጣው ኩራት የእናት ኩራት ነበር። ዓይኔን አዞርኩ።

ላኩት፤ ተቀበሏት።

ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋ መሄድ አለባቸው ተብሎ አንድ ማለዳ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ወረድን። በከሰላ አድርገው ነው ወደ ባሕሩ የሚሄዱት። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የደረቀ እንጀራ፣ ለሁለት ሰው ቋጥሬያለሁ፤ ለአንድ ብቻ መቋጠር አማረኝ እንጂ እጄ እምቢ አለኝ። ልጄ አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች፣ እኔም። ከዚያ ዕቃ ልታስጭን ስትዞር ኡስታዛዋ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ያ ኡኽቲ፣ አትስጊ። ልጅሽ እኔ ዘንድ አማና ናት።»

አማናን እናውቀዋለን። ሰው መንገድ ሲሄድ ወርቁን፣ ላሙን፣ ልጁን «አማና» ብሎ የሚተወው ነው። «አማና ከሆነች እኮ ትመለሳለች» አልኳት። «አማና ማለት ለባለቤቱ የሚመለስ ነው። ትመልሺልኛለሽ?»

እንደ ሌላው ሰው «ኢንሻአላህ» ብትል ኖሮ በተገላገለች። መነጽሯን ገፋች። «አላውቅም» አለችኝ። «መመለሱ የሷ ነው። እንግዲያስ አማና አልልም።»

«ታዲያ ምን ልትዪ ነው?»

«አብረን እንሄዳለን። ከታመመች አስታምማታለሁ። ይህን ብቻ ነው የምለው።»

ዋሽታኝ ቢሆን ልጄን ከአውቶቡሱ ጎትቼ አወርዳት ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ። ስላልዋሸችኝ ግን ምን ማድረግ እችላለሁ? እጇን ለቀቅኩና «ሽሮው ውስጥ ጨው ስለበዛ ውኃ ጨምሩበት» አልኳት። ሳመችኝ፤ እዚህ እንደምናደርገው ትከሻዋን በትከሻዬ መታ መታ አድርጋ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ልጄ በመስኮት እጇን አውጥታ እስኪያዞር ድረስ ስታውለበልብልኝ እኔም የነጠላዬን ጫፍ ሳውለበልብላት ነበር። ከሰሊጥ መኪኖቹ መሃል ገና ሳይወጣ፣ ገና ከመናኸሪያው በር ሳይርቅ፣ እጇን አስገባችና ጭንቅላቷን ኡስታዛዋ ትከሻ ላይ ጣል ስታደርግ አየሁ። ወይ ነገር! እስከ ከሰላ እንኳ አልታገሰችም።